አልሄድ ያለ ጉብታ፦ በጡት ቆዳ ላይ የሚወጣን ነገር ለሐኪም ስለማሳየት

ጡቷ ላይ ትንሽ ጉብታ የወጣባት ሴት መጀመሪያ የሚመጣባት ሐሳብ «ካንሰር ይሆን?» የሚል ነው። ሐኪሙ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ይፈልጋል፦ ጉብታው የቆዳው የራሱ ነው ወይስ ከሥር ካለው የጡት ሥጋ የመጣ? ደግሞስ ስንት ጊዜ ቆየ? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የካንሰሩ ጥያቄ ፍርሃት ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። በእኛ ዘንድ ስለ ጡት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ቶሎ ወደ ካንሰር ስለሚያመራ፣ ካንሰር ያልሆኑት በርካታ ነገሮች ስማቸው እንኳ አይጠራም። ስለዚህ አንዷ በማያሰጋ ነገር እንቅልፍ አጥታ ትከርማለች፤ ሌላዋ የሚያሰጋውን «ብጉር ነው፣ ይጠፋል» ብላ ታቆየዋለች።

ቆዳውን ከሥጋው ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፍተሻ አለ። ጉብታው ያለበትን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት ነው። ጉብታው ከቆዳው ጋር አብሮ ከተነሳ የቆዳ ጉዳይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቆዳው በላዩ እየተንሸራተተ ጉብታው ከሥር ከቀረ ነገሩ የጡቱ ነው። ቆዳው ከሥር ካለው ነገር ጋር ተጣብቆ አልነሳም ሲል ወይም ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ግን ቀጠሮ ሳያስረዝሙ መሄድ ይገባል። ይህ ፍተሻ ፍርድ አይሰጥም፤ ሐኪሙ በእጁ ሲዳስስ ምን እየፈለገ እንደሆነ ለመረዳት ግን ይጠቅማል።

ከቆዳው ወገን ካሉት ውስጥ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ በሽታ አይደሉም። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጉብታዎች ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ናቸው፤ የአየርላንዱ የማዋለድ ሐኪም ዊልያም ሞንትጎመሪ በ1837 ስለጻፈባቸው በስሙ ይጠራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በእርግዝና ጊዜ ጎላ ጎላ ይላሉ፤ መጭመቅ አያስፈልጋቸውም። ከብብት ተነስቶ እስከ ብሽሽት በሚወርደው መስመር ላይ ደግሞ አንዳንድ ሰው ትርፍ የጡት ጫፍ ይዞ ይወለዳል። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን «ማርያም የሳመችኝ ናት» እያሉ ይኖሩባታል፤ በእርግዝና ጊዜ አበጥ ስትል ነው የሚደነግጡት።

ሳይጠፉ ከሚቆዩት መካከል በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሐኪሞች ኤፒደርሞይድ ሲስት የሚሉት የቆዳ ከረጢት ነው። ነጣ ያለና ሲወጣ መጥፎ ሽታ ያለው ነገር ይሞላዋል፤ ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ካልተነካካ ለዓመታት ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ጣጣው የሚጀምረው መጭመቅ ሲጀመር ነው። ከረጢቱ ወደ ውስጥ ሲፈነዳ አካባቢው ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፤ ትናንት የአተር ፍሬ የምታክለው ነገር ዛሬ ልብስ አላስነካ ይላል። ሐኪም ሲያወጣውም ከረጢቱ ከነግድግዳው መውጣት አለበት። ውስጡ ያለው ብቻ ተጠርጎ የተዘጋ እንደሆነ ተመልሶ ይሞላል፤ «አስወጥቼው ተመለሰብኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለ ማስወጣት ከተነሳ፣ ከውጭ አገር የተተረጎሙ የጤና ምክሮች ችላ የሚሉት አንድ ጉዳይ አለ። ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ጠንካራ ጠባሳ፣ በጥቁር ሰው ቆዳ ላይ በጣም ይበዛል፤ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱም ደረት ነው። የማያምም፣ የማያድግ፣ ጉዳት የሌለው ጉብታ ለመልክ ሲባል ተቆርጦ በቦታው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኬሎይድ ሊበቅል ይችላል። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትከተብ ጠባሳው ያበጠባት ሴት ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር አለባት። ለምርመራ ናሙና መውሰድ ካስፈለገ ግን ጠባሳ ተፈርቶ አይቀርም፤ ጠባሳው ለውበት ተብሎ ከሚደረግ ቀዶ ጥገና ጋር እንጂ ከበሽታ ምርመራ ጋር አይመዘንም።

ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ሙቀትና ላብ ስለሚያዝል የፈንገስ ሽፍታ ይወደዋል፤ ይህ ቀላሉ ነው። እዚያው ቦታ፣ በብብትና በብሽሽት እየተመላለሰ የሚወጣ፣ ፈንድቶ ሲድን ገመድ የመሰለ ጠባሳ የሚተው እባጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ሂድራዴናይቲስ ይባላል። የንጽሕና ጉድለት አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በዚህ ሕመም ዓመታትን የገፉ ሴቶች በየክሊኒኩ «በደንብ ታጠቢ» የሚል ተግሣጽ ሲሰጣቸው መኖሩ ያሳዝናል፤ የሚያስፈልጋቸው የቆዳ ሐኪምና ረዘም ያለ ሕክምና ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከጀርባ ዞሮ በጡት ሥር የሚወጣው፣ ውሃ የቋጠረና የሚያቃጥለው ሽፍታ ሕዝቡ አልማዝ ባለጭራ የሚለው ነው፤ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። የደጋው ሰው የሚያውቀው የቆዳ በሽታ ቁንጭር በበኩሉ ዘወትር ፊትን ነው የሚይዘው፤ ልብስ የሚሸፍነውን ጡት ብዙም አይነካም።

የምታጠባ እናት ጡት የራሱ ሕግ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡቷ ቢቀላ፣ ቢግልና ትኩሳት ቢኖራት ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የጡት ቁጣ ነው፤ ማጥባቷንም ማቆም የለባትም። መግል ከቋጠረ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ይወጣል። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አሁንም ስለሚበዛ፣ መግሉ ከወጣ በኋላ አልደርቅ ያለ ቁስል አልፎ አልፎ የቲቢ ሆኖ ይገኛል። ተደጋግሞ ተከፍቶ ያልዳነ እብጠት ያላት ሴት «መግሉ ተመርምሯል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ማንም ሊቆጣት አይገባም።

እስካሁን የተነሱት በአመዛኙ በቆዳው የሚጀምሩና በቆዳው የሚያልቁ ናቸው። ቆዳው የሌላ ነገር መልእክተኛ የሚሆንባቸው ጊዜያት ግን አሉ፤ መዘግየት ነፍስ የሚያስከፍለውም እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ፓጄት በ1874 ወደ 15 ስለሚሆኑ ሴቶች ጻፈ። ሁሉም የጡታቸው ጫፍ ላይ ችፌ የሚመስል፣ የሚልጥና የሚያዥ ቁስል ነበረባቸው፤ ቁስሉ ከታየ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ጡት ካንሰር ተገኘ። ዛሬም ይህ በሽታ በፓጄት ስም ይጠራል፤ ዛሬም በችፌ ስም ለወራት ቅባት ይቀባል። መለያው እንዲህ ነው። እውነተኛ ችፌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጡት ይይዛል፣ ከጫፉ ዙሪያ ይጀምራል፣ በቅባት ይመለሳል። የፓጄት በሽታ አንዱን ጡት ብቻ ይይዛል፣ ከራሱ ከጫፉ ተነስቶ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ቅባት ሲደረግለት ጥቂት ሻል ያለ መስሎ ያገረሻል። ወሳኙ መልስ የሚገኘው ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ ያም የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሌላው ከዚህ ይከፋል። ኢንፍላማቶሪ የሚባለው የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚዳሰስ ጉብታ ሳያሳይ፣ ጡቱን በሳምንታት ውስጥ ያሳብጠዋል፤ ቆዳው ይወፍርና ቀዳዳዎቹ ጎልተው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ከጡት ካንሰሮች ከመቶ 1 እስከ 5 ቢሆን ነው፤ ግን ፈጣን ነው። መልኩ ከጡት ቁጣ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጀመራል። ያ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መድኃኒቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሳይሠራ ሲቀር ሌላ መድኃኒት መለወጥና እንደገና መለወጥ ነው።

የሕክምና መጻሕፍት የዚህን በሽታ ምልክት «የቀላ ጡት» ብለው ይጀምራሉ። ሥዕሎቹ የነጭ ሴት ናቸው። በጥቁር ወይም በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ቦታው ጠቆር ይላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ወይም ቀለሙ ሳይለወጥ ያብረቀርቃል። ስለዚህ የእኛ ሴቶች ከቀለም ይልቅ እጃቸውን ቢያምኑ ይሻላል፤ አንዱ ጡት ከሌላው ይልቅ መሞቁ፣ መክበዱ፣ ቆዳው መጠንከሩ፣ የጡት መያዣው በአንድ ወገን መጥበቡ። ጫፉ በቅርቡ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይነካ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከወጣው፣ ብብት ሥር ጠንካራ ንፍፊት ካለ ሳምንት መቁጠር አያስፈልግም። ሕመም አለመኖሩ ማጽናኛ አይደለም። እንዲያውም «አያመኝም እኮ» የሚለው ቃል ብዙ ሴቶችን ቤት ያስቀመጠ ነው፤ የጡት ካንሰር በጅምሩ አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ከእነዚህ ውጭ ላለው የሚበቃ የጊዜ መለኪያ አለ። ተራ ብጉር ወይም የፀጉር ሥር ቁጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ ይጠፋል ወይ መጥፋት ይጀምራል። ከወር አበባ ጋር የሚመጣ እብጠት ከወር አበባው ጋር ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ወይም አንድ የወር አበባ ዙር አልፎት ያልጠፋ፣ እያደገ ያለ፣ ወይም ጠፍቶ እዚያው ቦታ የተመለሰ ነገር መታየት አለበት። ወንዶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም፤ ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ከመቶ አንድ ያህሉ ወንድ ሲሆን፣ ጉብታው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጫፉ ሥር ነው።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህል ሞተዋል። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር ይኸው ነው፤ የ2020 ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ወደ 16 ሺህ አዲስ ታማሚዎች እንዳሉ ያሳያል። በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም ከሴቶች ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት መሆኑን መዝግቧል። ብዙዎቹ ታማሚዎች በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ይህ በከፊል ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ የሚታይ ነው፤ ያም ሆኖ «ገና ልጅ ነሽ» የሚለው መልስ ማንንም ከምርመራ ማስቀረት የለበትም። ከሁሉ የሚከብደው አብዛኞቹ ሐኪም ጋ ሲደርሱ በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ መገኘቱ ነው።

ለዚህ ሁልጊዜ የምትወቀሰው ሴትየዋ ናት። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለጠፈች፣ ዳማከሴ ቀባች፣ ጠበል ገባች፣ ዘገየች ይባላል። እውነት አለበት። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንደሚያቃጥልና የተቃጠለ ቆዳ ምርመራውን እንደሚያወሳስብ መናገርም ያስፈልጋል፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውንም ጎን ለጎን መከታተል ይችላል፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው የለበትም። እኔ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው መዘግየት ነው፤ ሴትየዋ ከሄደች በኋላ የሚመጣው። ፋርማሲ ሄዳ ቅባት ጠየቀች፤ ያለ ማዘዣ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ተሰጣት። ቅባቱ ማሳከኩን አስታገሠ፣ ምልክቱን ደበቀ። ክሊኒክ ሄደች፤ ልብሷን ሳታወልቅ መድኃኒት ተጻፈላት። ከሁለቱም ቦታ ስትወጣ «በዚህ ቀን ካልጠፋ ተመለሽ» ያላት የለም። አልጠፋ ያለ ጉብታ ብዙውን ጊዜ የመመለሻ ቀን ያልተቆረጠለት ጉብታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር ይህ ሁለተኛው መዘግየት ቁጥር ተሰጥቶታል። ከታማሚዎች ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ እንዲገኙ፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፣ ሕክምና ከጀመሩት 80 በመቶው እንዲጨርሱ ይላል። ስልሳ ቀን ለእኛ ረጅም አይመስልም፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ፣ ለአልትራሳውንድ ተሰልፎ፣ የናሙና ውጤት ጠብቆ በዚህ ጊዜ መጨረስ ግን ለገጠር ሴት ትልቅ ፈተና ነው።

በየዓመቱ በጥቅምት ሮዝ ሪባን ሲደረግ «ጡትሽን በየወሩ በእጅሽ ፈትሺ» የሚለው መልእክት ይደጋገማል። ይህ ምክር ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ አከራካሪ ነው። በሻንጋይ 266 ሺህ ያህል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2002 የታተመ ጥናት፣ ራስን በሥርዓት መፈተሽ የተማሩት ከሌሎቹ ያነሰ እንዳልሞቱ፣ ካንሰር ላልሆነ ነገር ግን ብዙ ናሙና እንደተወሰደባቸው አሳየ። በሙምባይ ደግሞ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡት እየዳሰሱ በመረመሩበት፣ 150 ሺህ ያህል ሴቶችን ለ20 ዓመት በተከታተለው ጥናት በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ ተገኘ፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን ግልጽ ቅናሽ አልታየም። ታማሚዎቿ ወጣት ለሆኑባት አገር ይህ የሚያስደስት ዜና ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው ላሰማራች አገር የሙምባዩ መንገድ ከማሞግራም (የጡት ራጅ) ማሽን ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። ለአንዲት ሴት የሚበቃት የየወር ሥነ ሥርዓት ሳይሆን የራሷን ጡት ማወቅና ሲለወጥ ችላ አለማለት ነው።

በውጭ አገር ያሉ እኅቶቻችን ችግራቸው ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ያለው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ነው፤ በእንግሊዝ ከ50 ዓመት ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ በደብዳቤ ይጠራሉ። ይህ ጥሪ ግን ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው። ጉብታ ያላት ደብዳቤ አትጠብቅም፤ ቀጠሮ ስታስይዝም ጉብታ እንዳላት መናገር አለባት፤ የምርመራው ዓይነት ይለያልና። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ የምትሄድ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ብዙ ነገር ይኖራል። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለች ሴት ደግሞ ሐኪም ጋ መሄዷ ራሱ ብዙ ጊዜ በእመቤቲቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወዴት ይኬዳል? ከቆዳው ጋር የሚነሳ ነገር ከሆነ የቆዳ ሐኪም ጋ፤ አዲስ አበባ ላይ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ትልቁ የቆዳ ሕክምና መዳረሻ ነው። ከሥር ያለ ነገር ወይም የጫፍ ለውጥ ከሆነ ቀዶ ሐኪም ጋ። በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ ብቻ ካለ እዚያው ይጀመራል። ሲጠየቁ መመለስ የሚያስፈልገው መቼ እንደታየ፣ እንዳደገ ወይም እንዳላደገ፣ ምን እንደተቀባበት፣ ስለ ማጥባትና ስለ እርግዝና፣ ከእናት ወይም ከአባት ወገን የታመመ ሰው እንዳለ ነው። የተቀባውን መደበቅ አይጠቅምም። ሐኪሙ ወንድ ከሆነና ካሳፈረ ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ ነውር የለውም። ጡትን በስሙ መጥራትም እንዲሁ፤ ደረቷን እየጠቆመች «እዚህ ጋ ያመኛል» ብቻ ያለች ሴት ሳንባዋ ተደምጦ ልትመለስ ትችላለች።

ወጣት ሴቶች በአብዛኛው በአልትራሳውንድ ይታያሉ፤ ጡታቸው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ብዙ አያሳይም። ማሞግራም የምትነሳ ሴት ቆዳዋ ላይ ኪንታሮት ወይም ጉብታ ካለ ለባለሙያው ትንገረው። ምልክት ካልተደረገበት ፊልሙ ላይ የውስጥ እብጠት መስሎ ሊታይና ሊያስደነግጥ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፦ በእጅ የሚዳሰስ ነገር እያለ «ማሞግራሙ ንጹሕ ነው» መባሉ ጉዳዩን አይዘጋውም።

ወደ ናሙናው ሲደረስ ብዙዎች ያፈገፍጋሉ። «ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚለው እምነት ከከተማም ከገጠርም አልጠፋም። እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሳ የተቀደደች ሴት ብዙ ሳትቆይ ስትሞት ያየ ጎረቤት ቢላውን ነው የሚከሰው። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያባብስም፤ ያለ እሱ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አይታወቅም። አዲስ አበባ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ካንሰር ነበራቸው፤ ለዚህ ዓይነቱ ታሞክሲፈን የሚባል ርካሽ ኪኒን አለ። ይህን የሚለየው ናሙናው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጡት የወጣ ማንኛውም ነገር፣ ሐኪሙ «ተራ ሲስት ነው» ቢልም፣ ወደ ፓቶሎጂ መላክ አለበት። እዚህ አገር ናሙናውን በብልቃጥ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነውና፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ናሙናን ሳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። በውሃ የተቀመጠ ናሙና ይበላሻል፤ ሴትየዋም ሁለተኛ መርፌ ይጠብቃታል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱን ተቀብሎ ቤት ማስቀመጥ ሳይሆን መልሶ ለሐኪሙ ማሳየት ነው። በእጅ የተዳሰሰው፣ በምስል የታየውና በናሙና የተገኘው ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ዳሰሳውና ምስሉ አጠራጣሪ ሆነው ናሙናው «ምንም የለበትም» ካለ፣ መርፌው ቦታውን ስቶ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው እንደገና ይወሰዳል።